ከመርከቡ የላክኩት ባሕር

ባሕር ላይ ኢንተርኔት ይሠራል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው። እንደኔ ጄኔቭ ውስጥ በዲፕሎማት ቤት የሚሠሩ ልጆች፣ አሠሪዎቻቸው በሽርሽር መርከብ ይዘዋቸው ሊሄዱ ሲሉ ይደውሉልኛል። "አንቺ ሄደሽ የለም? ስልክ እንዴት ነው? ከቤተሰብ ጋር መገናኘት ይቻላል?" ይሉኛል። "ይቻላል፤ እንዲያውም እኛ ቤት ካለው ይሻላል" እላቸዋለሁ። ከዚያ በላይ ስለ ጉዞው እንዲጠይቁኝ አልፈልግም።

ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር፤ ከነዚሁ አሠሪዎቼ ጋር፣ ልጆቻቸው ገና በጋሪ የሚገፉ ሳሉ። ያኔ የመርከብ ኢንተርኔት ስሙ ብቻ ነበር። አንዲት አጭር መልእክት ጽፌ፣ ልጆቹን አብልቼ፣ አጥቤ፣ አስተኝቼ ስመለስ መልእክቷ ሳትሄድ እዚያው ትጠብቀኝ ነበር። ፎቶ መላክማ የሚታሰብ አልነበረም። ሰው ሁሉ ተስፋውን ቆርጦ ይሳፈራል፤ አገር ቤት ያለውም "ባሕር ላይ ናት" ብሎ አርፎ ይቀመጣል። አሁን ሳስበው እሱ ይሻል ነበር።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። እናታችን ካረፈች ወዲህ ጉለሌ ባለው ቤታችን ከታናሽ ወንድማችን ጋር ይኖር ነበር። ስልክ ስንደውልለት መጀመሪያ የሚጠይቀን ጤናችንን አይደለም። "አሁን የት ደርሳችኋል?" ይለናል። ከቤት ሳልወጣ የዋልኩ ቀን እንኳ "ወጥ ቤት ነኝ፣ አባዬ" ብዬ ያለሁበትን መናገር ነበረብኝ፤ አለዚያ ወሬው አይቀጥልም። በቪዲዮ ስናወራ ስልኩን ከግንባሩ ያስጠጋውና ከቅንድቡ በላይ ያለውን ብቻ ያሳየናል። "ትንሽ ዝቅ አድርገው" ስንለው ስልኩን ትቶ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ዙሪክ አጠገብ፣ ሽሊረን ነው። የምትሠራው የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ትልቅ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ከማሽን የወጣውን ታጥፋለች፣ ትደረድራለች። እኔ ለአባቴ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ስደውል እሷ በየቀኑ ትደውል ነበር። መድኃኒቱን ስሙን ሳይቀር የምታውቀው እሷ ነበረች።

ጥቅምት ላይ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን፣ ማዳም ከባሏ፣ ከሁለት ልጆቿና ከእናቷ ጋር በመርከብ ልትሄድ አሰበች። እናቷ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አሮጊት ናቸው። ልጆቹንም አሮጊቷንም የምይዘው እኔ ነኝ። ከጄኖቫ ተነስተን፣ ባርሴሎናን አይተን፣ ከዚያ ሰፊውን ውቅያኖስ ይዘን እስከ ካናሪ ደሴቶች ደርሰን መመለስ ነው።

አባቴ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ወጥቷል። ሐኪሞቹ "ይረፍ" ብለው ወደ ቤቱ ሰደዱት። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ከመሄዳችን በፊት በነበረው እሑድ፣ ከጸሎት ስንወጣ ባቡር ተሳፍሬ ሽሊረን ሄድኩ፤ እህቴን "ልቅር እንዴ?" ብዬ ልጠይቃት።

"ቀርተሽ ምን ልታደርጊ?" አለችኝ። "ከጄኔቭም ሆነሽ የምታዪው በስልክ ነው፣ ከባሕርም ሆነሽ በስልክ ነው። ደግሞ ሥራሽን ታውቂዋለሽ።"

ሥራዬን አውቀዋለሁ። የኛ ዓይነቱ የመኖሪያ ወረቀት ከአሠሪው ጋር የተሰፋ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱም ያልቃል። እዚያ ቤት ውስጥ "አልሄድም" የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

አብረን ደወልንለት። መጀመሪያ ስልኩን የያዘችው መዋዕለ ሕፃናት የምትማረው የእህቴ ልጅ ነበረች።

"የት ደርሰሻል?" አላት እንደ ልማዱ።

"ዳሃይም ነኝ" አለችው። ቤት ነኝ ማለቷ ነው፤ አማርኛዋ መሃል ላይ ጀርመንኛ ይገባል።

"ይሄ ዳሃይም የምትሉት ሰፈር ሩቅ ነው?" ብሎ ጠየቀን፤ ሦስታችንም ሳቅን፤ እሱ ግን የምሩን ነበር።

እኔ ተራዬ ሲደርስ መርከብ ልሳፈር መሆኑን ነገርኩት።

"ባሕር ላይ ስልክ ይሠራል?"

"ይሠራል ይላሉ፣ አባዬ። በሳተላይት ነው።"

"እንግዲያው መሬት የማይታይበት ቦታ ስትደርሺ ደውለሽ አሳዪኝ። ዙሪያውን አዙረሽ። እኔ መንገድ የሌለበት አገር አይቼ አላውቅም።"

"አሳይሃለሁ" አልኩት።

መርከቡ እንደ ከተማ ነው። ሱቅ አለው፣ ቲያትር ቤት አለው፣ መዋኛው ብቻ ሦስት ቦታ ነው። የነሱ ክፍል ላይኛው ፎቅ ነው፤ አሮጊቷም በረንዳ ያለው ክፍል ተሰጣቸው። የኔ ታች፣ መስኮት የሌለው ነው። የመርከቡ አናት ላይ፣ ጭስ ማውጫው አጠገብ፣ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጉ ነጫጭ አንቴናዎች ተደርድረዋል። በገባን ዕለት አንድ የመርከቡ ሠራተኛ ለተሳፋሪዎች ሲያስረዳ ሰማሁት። "ድሮ ሳተላይቱ በጣም ሩቅ ነበር፤ አሁን ግን ዝቅ ብለው የሚዞሩ ብዙ ናቸው። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይቀበላል። ፊልምም ማየት፣ ስብሰባም መግባት ትችላላችሁ" አላቸው። እኔ የሰማሁት ለአባቴ ባሕሩን ማሳየት እንደምችል ነው።

ስልኬን ከኢንተርኔቱ እንድታገናኝልኝ ማዳምን ጠየቅኳት። የልጆቹን ልብስ እየሰቀልኩ ነበር።

"ፓኬጁ ለአራት መሣሪያ ነው" አለችኝ። "የኔ፣ የባለቤቴ፣ የእናቴ ታብሌት፣ የልጆቹ ታብሌት። ወደብ ስንደርስ ስልክሽ በራሱ ይሠራል። ጥቂት ቀን ነው እኮ። አንቺም ከስልክ ማረፍ አለብሽ።"

"አባቴ ታሟል" አልኳት።

"አዎ፣ ነግረሽኛል። ተሻለው ብለሽኝ ነበር" አለችና ወጣች።

ባርሴሎና እውነትም ስልኬ ሠራ። ልጆቹ አይስክሬም እስኪበሉ ድረስ ከወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጬ ደወልኩ። ግንባሩ መጣ። ድምፁ ደከም ያለ ነበር፤ ትንፋሹ ያጥረዋል። ስልኩን አዙሬ መርከቦቹን፣ የጭነት ማንሻዎቹን፣ ውሃውን አሳየሁት።

"ይሄማ ወደብ ነው" አለ። "ወደብ አሰብን አይቻለሁ፣ በጎረምሳነቴ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ። እኔ ያልኩሽ ከወደቡ ወዲያ ያለውን ነው።"

"እሱን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ፣ አባዬ።"

"እሺ። የት ደርሰሽ ነው የምትደውይው?"

"ውቅያኖሱ መሃል።"

"በርቺ በይ" አለኝ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋው ኪሱ ከተተው መሰለኝ፣ ጨለማ አይቼ፣ የልብስ ኮሽታ ጥቂት ከሰማሁ በኋላ ተቋረጠ። ከአባቴ ጋር የተነጋገርነው ለመጨረሻ ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

ወደ ውቅያኖሱ እንደወጣን መሬት ጠፋ። እኔ ግን መደወያ የለኝም። የመዋኛው ዳር ላይ ሰው ሁሉ ተጋድሞ ስልኩ ላይ ነው። አንዱ ኳስ በቀጥታ ያያል፤ አንዷ ከልጅ ልጇ ጋር በቪዲዮ እያወራች ሕፃኑን ታባብላለች፤ ሕፃኑ የት አገር እንዳለ እግዜር ይወቅ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። በአጠገባቸው ሳልፍ ዓይኔን ስክሪናቸው ላይ እጥል ነበር፤ እንደተራበ ሰው።

አሮጊቷ አዩኝ መሰለኝ። ከምሳ በኋላ አልጋቸው ላይ ሳጋድማቸው ታብሌታቸውን ከትራስጌያቸው አንስተው ሰጡኝ።

"ውሰጂው" አሉኝ በፈረንሳይኛ። "እኔ ለማን እደውላለሁ? የማውቃቸው ሰዎች ወይ ሞተዋል ወይ ጆሯቸው አይሰማም። ስተኛ እዚህ በረንዳው ላይ ሁኚና ደውይ። ለልጄ አትንገሪያት።"

ወጥቼ ተቀመጥኩ። ውሃ ብቻ ነው፤ እስከ ሰማዩ ጫፍ ድረስ። የአባቴን ስልክ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ እሱም አያነሳም። እህቴ ጋ ስደውል አነሳች፤ ካሜራዋን ግን አልከፈተችም።

"ወዬ፣ የኔ እናት! የት ደረሳችሁ?" አለችኝ። ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ ደስ ያለው ድምፅ ነበር።

"ባሕር ላይ ነኝ። አባዬ ለምን አያነሳም?"

"ተኝቷል። አዲስ መድኃኒት ሰጥተውት እንቅልፍ በእንቅልፍ ሆኗል። ደህና ነው።"

"ልየው። ወንድሜን ስልኩን ፊቱ ላይ አዙርልኝ በይው።"

"ምን አልሽ? ድምፅሽ ይቆራረጣል… ሃሎ? የመርከብ ኢንተርኔት እኮ ነው፣ አይሆንም…" ብላ ተዘጋ።

ደግሜ ስደውል አላነሳችም። እንግዲያው ቢያንስ ቪዲዮ ልላክለት ብዬ ታብሌቱን ከበረንዳው ብረት ላይ አስደግፌ ዙሪያውን ቀረጽኩ። "አባዬ፣ ያልከኝ ይኸውልህ። መንገድ የለውም፣ ታፔላ የለውም፣ ማቆሚያም የለውም" አልኩት። መርከቡ ከኋላው የሚተወውን ነጭ አረፋ ጭምር አሳየሁት። ለእህቴ ላክኩት፣ እንድታስተላልፍለት። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ሄዶ አለቀ። እንዲያ ፈጥኖ ሲሄድ ገርሞኛል።

በማግሥቱ ስደውል እንደገና ያለ ካሜራ አነሳች።

"ቪዲዮውን አሳየሽው?"

"አይቶታል" አለችኝ።

"ምን አለ?"

"ደስ አለው። 'እንዴት ሰፊ ነው' አለ።"

እኔም ደስ አለኝ። ያን ቀን ልጆቹን ሳጫውት፣ አሮጊቷን ፀሐይ ላይ ሳወጣ፣ ምሳ ስበላ፣ ያቺን ቃል ይዤ ነው የዋልኩት። እንዴት ሰፊ ነው። እውነትም አባቴ የሚለው ነገር ነው፤ ሰው ሊፈጥረው የሚችል አይመስልም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ነገሩ ያው ሆነ። እደውላለሁ፤ እህቴ ታነሳለች፤ ትስቃለች፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ መዋኛው ትጠይቀኛለች። አባዬን አገናኙኝ ስል ይቆራረጣል። ወንድሜ አንድ ቀን ብቻ በጽሑፍ "ሁሉ ሰላም ነው፣ ኔትወርክ አስቸግሮን ነው" ብሎ ላከልኝ። ሁሉንም ያመካኘሁት በመርከቡ ኢንተርኔት ነው። የእውነትም የራሱ ጠባይ ነበረው፤ ታች የኔ ክፍል አጠገብ ብረቱ ስለሚበዛ ይሞታል፤ ሰው ሁሉ ከሽርሽር ተመልሶ ስልኩን በሚይዝበት ሰዓት ይጎተታል። በረንዳው ላይ ግን እንከን አልነበረውም። ይህን እያየሁ ነው የማላምነው።

መጨረሻ ላይ ታብሌቱን ይዤ ተሳፋሪዎች ለኢንተርኔት እርዳታ ወደሚጠይቁበት ባንኮኒ ሄድኩ። የተቀመጠው ከፊሊፒንስ የመጣ ጎልማሳ ነው። ነካክቶ አየው፣ አንድ ቪዲዮ ከፈተና አሳየኝ።

"ከዚህ ወገን ምንም ችግር የለም" አለኝ። "እኔም ሚስቴን የማያት በዚሁ ነው። ችግሩ ከዚያኛው ወገን ይሆናል። የምትደውይው የት ነው?"

"ዙሪክ።"

ሳቀ። "ዙሪክ ውስጥ ኢንተርኔት ጠፋ?"

ሳቁ አናደደኝ። አመስግኜው ሄድኩ። ደረጃውን ስወጣ እንኳ አልገባኝም። ዙሪክ ላይ የምትቆራረጥ እህት፣ ውቅያኖስ ላይ የሚያምር ምስል፤ ይህ ለማንም ሰው ግልጽ ነው። እኔ ግን የራሴን ምክንያት ሠራሁ፦ ፓኬጁ ርካሹ ነው፤ ላቅ ያለው ቢሆን ይሠራ ነበር።

እናም ማዳምን ለመንኳት። የአሮጊቷን አደራ አፍርሼ ታብሌቱን እየተዋስኩ መሆኔን ነገርኳትና፣ ላቅ ያለውን እንድትገዛ፣ ከፈለገች ከደሞዜ እንድትቆርጠው ጠየቅኳት። ባሏ የራት ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ገዛችልኝ። ግን እየገዛች ወደሱ ዞራ፣ "መርከቡን የስልክ ቤት አደረገችው" አለችው። ፈረንሳይኛ እንደምሰማ ታውቃለች። ሁለቱም ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ምን ላድርግ።

በላቀው ፓኬጅም እህቴ ተቆራረጠች።

ያን ቀን አሮጊቷ አልተኙም ነበር። ስልኩን ስጨርስ ከአልጋቸው ጠሩኝ።

"ቋንቋችሁን አላውቅም" አሉኝ። "ግን የእህትሽ ሳቅ አላማረኝም። ሰው እንዲህ የሚስቀው ሳያስቀው ነው። ልጄ፣ እዚህ ሳለሽ ሊነግሩሽ ያልፈለጉት ነገር ቢኖርስ?"

"የለም" አልኳቸው። "ኢንተርኔቱ ነው።" ብርድ ልብሳቸውን አስተካክዬ፣ ሌላ ቃል ሳልጨምር ወጣሁ። ተቆጥቼባቸው ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላም ታብሌቱን አልከለከሉኝም።

ጄኔቭ በተመለስን ሳምንት እህቴ "ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ለ ሊኞን እንገናኝ፤ ጸሎት አለ" አለችኝ። ለ ሊኞን በሚባለው የጄኔቭ ሰፈር የምትኖረው ከጸሎት ኅብረታችን አንዲት ትልቅ ሴት ናት፤ እኛ በሰው ቤት የምንሠራ ልጆች ዕረፍታችንን የምናሳልፈው እሷ ቤት ነው። ረጅሙን ሕንፃ አውቀዋለሁ፤ በአሳንሰር ወጣሁ። በሩ ላይ ብዙ ጫማ ነበር። የወንድ ጫማ ይበዛዋል። ለጸሎት እንዲህ ያለ ሰው መጥቶ አያውቅም፤ ቅዳሜ ደግሞ ግማሹ ሥራ ላይ ነው። ቆሜ ጫማዎቹን አየሁ። የገባኝ እዚያ ነው።

በሩን የከፈተችው እህቴ ናት። ጥቁር ለብሳለች።

"አትግቢ እንዳትዪኝ" አለችኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ከኋላዋ የኅብረቱ ወንድሞችና እህቶች ተነስተው ቆመዋል። የቤቱ ባለቤት መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝና "አባታችን ወደ ጌታ ሄደዋል፣ ልጄ" አለችኝ። በሩ ላይ ወደቅኩ። ሌሎቹ መዝሙር ጀመሩ። እህቴ እላዬ ላይ ሆና ከኔ በላይ ታለቅስ ነበር፤ እሷ ስታለቅስ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜዋ መሆኑን፣ ለቅሶዋ የቆየ መሆኑን ሰማሁት።

ትንሽ ስረጋጋ "መቼ?" አልኩ።

አንዷ ውሃ አቀበለችኝ።

"መቼ ነው የሞተው?"

"ባርሴሎና በነበርሽ በማግሥቱ" አለችኝ እህቴ። "ጠዋት። ሳይሠቃይ።"

"ቪዲዮውስ?"

አንገቷን ደፋች።

"አይቶታል ብለሽኝ ነበር። 'እንዴት ሰፊ ነው' አለ ብለሽኝ ነበር።"

"እሱን አሁን ተዪው፣ የኔ እናት" አለኝ ከኅብረቱ ወንድሞች አንዱ። ተውኩት። ሰው የተሞላበት ቤት ነው። ሻይ መጣ፣ ዳቦ መጣ፣ ሰዎች ተራ በተራ "ጌታ ያጽናናሽ" እያሉ አጠገቤ ተቀመጡ። የመጡት ከሎዛንም ከበርንም ነው። ሁሉም ያውቁ ነበር። እኔ ፀሐይና ውሃ ቀርጬ በኅብረታችን ገጽ ላይ ስለጥፍ "ዋው" ብለው የጻፉልኝ ሰዎች፣ የአባቴን ሞት እያወቁ ነበር።

ቀስ ብዬ ደግሞ የሚብሰውን ሰማሁ። ቀብሩን ወንድሜ በስልኩ በቀጥታ አስተላልፎታል፤ ውጭ ያለ ዘመድ እንዲያይ። ካናዳ ያሉት የአጎቴ ልጆች አይተዋል። እህቴ ሥራ ቦታዋ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቆማ አይታዋለች። ሰዓቱን ጠየቅኩና አሰብኩት። እኔ ልጆቹን የፀሐይ ቅባት እየቀባሁ ነበር። ከአናቴ በላይ አንቴናዎቹ ነበሩ፤ ያ ሁሉ ሳተላይት እየተቀባበለ ነበር። የአባቴን ቀብር ከመርከብ ላይ፣ አልቅሼ፣ ተንበርክኬ ማየት እችል ነበር። ሊያሳየኝ ያልቻለው ማሽኑ አልነበረም።

ቅጂውን እህቴ ላከችልኝ። አየሁት። ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቀድማል፣ ቄሱ ሲናገሩ ግማሹ አይሰማም። ሣጥኑ ሲወርድ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመና ሲመለስ አፈር ሆኖ ጠበቀኝ። ከውቅያኖስ የላክኩት የኔ ቪዲዮ ግን እስካሁን ጥርት ብሎ አለ።

ማዳም ስነግራት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ለምን አልነገርሽኝም? እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኢንተርኔቱን ከመጀመሪያው እሰጥሽ ነበር" አለችኝ። በማግሥቱ አበባ ገዝታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። ውሃውን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አሮጊቷ ግን ምንም አላሉም። እጄን ለረጅም ጊዜ ሳይለቁ ያዙ፤ በዚያ ሰሞን ያጽናናኝ እሱ ብቻ ነው።

ወንድሜን በስልክ ስጠይቀው "አትንገሯት ያለችው እህታችን ናት" አለኝ። እህቴ ደግሞ "ሽማግሌዎቹና ወንድማችን ናቸው የወሰኑት" አለችኝ። ከዚያ በኋላ የፈረንጁን ክረምት ሙሉ አልደወልኩላትም። ስትደውል አላነሳሁም።

ፋሲካ ሲቃረብ ሽሊረን ሄድኩ። ልጅቷን ትታ ብቻችንን ወንዙ ዳር እንድንሄድ እህቴን ጠየቅኳት። ቀዝቃዛ ቀን ነበር። ሁለታችንም እጃችንን ኪሳችን ከተን ነው የምንሄደው።

"ለምን እንደደበቅሽኝ አልጠይቅሽም" አልኳት። "መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ግን አይቶታል ያልሽኝን ንገሪኝ።"

"ምን ልበልሽ? ጠየቅሽኝ። ዝም ብል ይገባሽ ነበር።"

"'እንዴት ሰፊ ነው' ማለትስ?"

ቆመች። "ቪዲዮውን ለብቻዬ አየሁት" አለችኝ። "አባዬ ቢያየው ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩ። እሱን ነው የነገርኩሽ።"

ልቤ ትንሽ ሊራራ ነበር። ግን ያቺን ቃል ይዤ የዋልኩበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ምሳዬን እንዴት እንደበላሁ።

"ስልኩ ይሠራ ነበር" አልኳት። "እንደ ሰው ነግረሽኝ፣ ከናንተ ጋር ማልቀስ እችል ነበር።"

"ብቻሽን፣ ውሃ ላይ፣ ከማን ጋር? ማን ይይዝሻል? እነዚያ ሰዎች ናቸው የሚይዙሽ? ራስሽን ብትወረውሪስ? ስልክ ሰው አይደግፍም።"

"ሌላ ጊዜ ቢሆን ትነግሪኛለሽ?"

እንድትዋሸኝ ፈልጌ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ብትዋሸኝ ይቅር እላት ነበር።

"አልነግርሽም" አለች። "ነገም ቢሆን እንደዚያው ነው የማደርገው። አንቺም ብትሆኚ እንደዚያው ነበር።"

"እነግርሽ ነበር።"

"ውሸት" አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። ባቡሩ እስኪመጣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጅቷ ትምህርት ቤት አወራን። ስትስመኝ ሳምኳት።

አሁን በየእሑዱ እንደዋወላለን። መስመሩ ጥሩ ነው፤ ከጄኔቭ ዙሪክ ምን ሊሆን። "ደህና ነሽ?" ትለኛለች። "ደህና ነኝ" እላታለሁ። እሷም ደህና ነኝ ትለኛለች። እውነት ይሁን ውሸት አንዳችንም ሌላዋን አንጠይቅም።